ከስፓርታከስ እስከ ታልማን፦ ስለ ጀርመን ኮሙኒስት ፓርቲ ተረትና እውነታ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በጀርመን ከተነሡት የፖለቲካ ድርጅቶች መካከል ወዳጅም ጠላትም እንደ ጀርመን ኮሙኒስት ፓርቲ እንደየፍላጎቱ የተረከለት ጥቂት ነው። ፓርቲው በ1918 መጨረሻ ተመሥርቶ በ1933 መጀመሪያ በናዚዎች እስኪደመሰስ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቆየው ከአሥራ አራት ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ዘመን መሪዎቹንም፣ የትግል መስመሩንም፣ የአባላቱንም ዓይነት ደጋግሞ ስለለዋወጠ፣ ከታሪኩ አንዱን ዓመት ቆርጦ የያዘ ሰው ሁሉ ሙሉውን ፓርቲ ያወቀ ይመስለዋል። ከዚህ በታች ስለ ፓርቲው በሰፊው ከሚነገሩት እምነቶች ስድስቱ ቀርበው ከተረጋገጠው ታሪክ ጋር ይነጻጸራሉ።

ተረት 1፦ የጃንዋሪ 1919ኙን የበርሊን አመፅ ያቀደችውና የመራችው ሮዛ ሉክሰምበርግ ናት

እውነታ፦ ለዚህ እምነት መስፋፋት ዋናው ምክንያት አመፁ እስከ ዛሬ «የስፓርታከስ አመፅ» ተብሎ መጠራቱ ነው። ስፓርታከስ በጥንቷ ሮም ባሮችን አስተባብሮ ያመፀ ሰው ሲሆን፣ ስሙን ለቡድናቸው የወሰዱት የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ አመራር ለዓለም ጦርነቱ የሰጠውን ድጋፍ የተቃወሙት ሉክሰምበርግ፣ ካርል ሊብክኔኽትና ጓዶቻቸው ነበሩ። ይህ ቡድን ከብሬመንና ከሌሎች ከተሞች ከመጡ አክራሪ ግራ ዘመሞች ጋር ሆኖ አዲሱን ፓርቲ የመሠረተው ከዲሴምበር 30 ቀን 1918 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 በበርሊን በፕሩሲያ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ባካሄደው ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ሉክሰምበርግ ፓርቲው ጥቂት ሳምንታት ብቻ በቀሩት የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ እንዲሳተፍ አጥብቃ ብትመክርም፣ አብዮቱ ነገ የሚፈጸም የመሰላቸው ልዑካን ሐሳቧን በ62 ድምፅ ለ23 ጣሉት። እርሷ ራሷ ያዘጋጀችው የፓርቲው ፕሮግራምም የብዙኃኑ ወዛደር ግልጽ ፈቃድ ሳይኖር ሥልጣን እንደማይያዝ የሚደነግግ ነበር።

አመፁን የጫረው የነጻ ሶሻል ዴሞክራቶች፣ ማለትም በ1917 በጦርነቱ ጥያቄ ከእናት ፓርቲያቸው የተገነጠሉት ወገኖች፣ አባል የነበረው የበርሊን ፖሊስ አዛዥ ኤሚል አይኽሆርን ከሥልጣን መነሣቱ ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን የተጠራው ሰልፍ ከጠሪዎቹ ግምት በላይ ሆኖ የጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች በታጠቁ ሰዎች ሲያዙ፣ ሊብክኔኽት ፓርቲው ሳይወስን መንግሥት ለመገልበጥ በተቋቋመው አብዮታዊ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። ሉክሰምበርግ ድርጊቱን ባትደግፈውም አደባባይ የወጣውን ሠራተኛ ጥሎ መሸሽን ስላልፈለገች፣ በፓርቲው ጋዜጣ በሮተ ፋነ ላይ ከአመፀኞቹ ጎን ቆመች። መንግሥት አመፁን ለመደምሰስ ከሠራዊቱ ሌላ ፍራይኮርፕስ የተባሉትን የቀድሞ ወታደሮች በጎ ፈቃደኛ ጦር ጭምር ያሰማራ ሲሆን፣ ሁለቱ መሪዎች ጃንዋሪ 15 ቀን ከተደበቁበት ተይዘው ወደ ኤደን ሆቴል ከተወሰዱ በኋላ በመኮንኖች እጅ ተገደሉ። የሊብክኔኽት ሬሳ «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ለአንድ የሕክምና ዕርዳታ ጣቢያ ሲሰጥ፣ የሉክሰምበርግ ደግሞ ላንድቬር በተባለው ቦይ ውስጥ ተጥሎ እስከ ሜይ መጨረሻ ሳይገኝ ቆየ።

ተረት 2፦ ፓርቲው ከውልደቱ ጀምሮ የሞስኮ መሣሪያ ነበር

እውነታ፦ ፓርቲው ሲመሠረት የዓለም ኮሙኒስት ፓርቲዎችን በአንድ ማዕከል ያስተሳሰረው ኮሚንተርን ገና አልነበረም። ኮሚንተርን በማርች 1919 በሞስኮ ሲቋቋም የጀርመኑ ፓርቲ ልዑክ ሁጎ ኤበርላይን የተላከው ምሥረታው ጊዜው ገና መሆኑን እንዲናገር ነበርና፣ ተቃውሞውን ካሰማ በኋላ በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ላይ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ሉክሰምበርግም በ1918 እስር ቤት ሆና በጻፈችው፣ ከሞተች በኋላ በ1922 በታተመው ጽሑፏ፣ የሩሲያን አብዮት እያደነቀች ቦልሼቪኮች ነጻነትን ማፈናቸውን ነቅፋለች።

ጥገኝነቱ ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። በኦክቶበር 1920 ነጻ ሶሻል ዴሞክራቶች በሃለ ከተማ ባደረጉት ጉባኤ የኮሚንተርኑ መሪ ግሪጎሪ ዚኖቪየቭ አራት ሰዓት ያህል በጀርመንኛ ከተናገረ በኋላ፣ ልዑካኑ በ236 ድምፅ ለ156 ወደ ኮሚንተርን ለመግባት ወሰኑ፤ ከዚህ ክፍፍል የተነሣም ወደ 300,000 የሚጠጉ አባላት ትንሹን ኮሙኒስት ፓርቲ ተቀላቅለው የብዙኃን ፓርቲ አደረጉት። በማርች 1921 በመካከለኛው ጀርመን የተሞከረው አመፅ ሲከሽፍ ሙከራውን በአደባባይ የነቀፈው የቀድሞው ሊቀ መንበር ፓውል ሌቪ ተባረረ። በኦክቶበር 1923 ሞስኮ የተሳተፈችበት የአብዮት ዕቅድ የሶሻል ዴሞክራቶች ድጋፍ በማጣቱ ሲሰረዝ፣ ሃምቡርግ ብቻዋን አምፃ ተሸነፈች፤ በውድቀቱም የፓርቲው መሪ ሃይንሪኽ ብራንድለር ተጠያቂ ሆኖ ተነሣ።

የፓርቲው ነጻነት ምን ያህል እንደ ተመናመነ ግልጥልጥ ያደረገው ግን የ1928ቱ የቪቶርፍ ጉዳይ ነው። በሃምቡርግ የፓርቲው ኃላፊ የነበረው ጆን ቪቶርፍ የፓርቲውን ገንዘብ ማጉደሉን ከ1925 ጀምሮ መሪ የነበረው ኤርንስት ታልማን እያወቀ በመሸፋፈኑ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴው በሴፕቴምበር ከሥልጣኑ አገደው። ሆኖም በስታሊን ግፊት ኮሚንተርን ውሳኔውን በቀናት ውስጥ ሻረውና ታልማን ወደ ቦታው ሲመለስ፣ የተባረሩት ጥፋቱን ያጋለጡት ሆኑ። ከዚያ በኋላ በጀርመን ማን ፓርቲውን ይምራ የሚለው ጥያቄ በበርሊን የሚወሰን አልነበረም።

ተረት 3፦ ኮሙኒስቶቹ ሕዝብ የማያውቃቸው እፍኝ የማይሞሉ ሤረኞች ነበሩ

እውነታ፦ በጁን 1920 ምርጫ በራይኽስታግ፣ ማለትም በአገሪቱ ፓርላማ፣ 4 መቀመጫ ብቻ የነበረው ፓርቲ በኖቬምበር 1932 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ፣ ማለትም ከመቶ 16.9፣ አግኝቶ 100 መቀመጫ የያዘ ሲሆን፣ በበርሊን ደግሞ ከሁሉም ፓርቲዎች ቀዳሚ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ራሱ ሌላ ስሕተት ያስከትላል። የኤኮኖሚው ቀውስ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ ባሳጣበት በ1932 ከፓርቲው አባላት እጅግ የሚበዙት ሥራ አጦች ስለነበሩ፣ የወዛደሩ ፓርቲ ነኝ የሚለው ድርጅት ፋብሪካ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። አባላቱም በአንድ በር እየገቡ በሌላው ስለሚወጡ፣ ሰልፍ ሲጠራ አደባባይ የሚሞላው ፓርቲ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ግን ሰሚ ያጣ ነበር፤ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ሊያቆም አይችልምና።

ተረት 4፦ ኮሙኒስቶችና ናዚዎች የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ፣ የልብ ወዳጆችም ነበሩ

እውነታ፦ ለዚህ እምነት ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡት ሁለት ክስተቶች በእርግጥ የተፈጸሙ ናቸው። በኦገስት 1931 ቀኝ ዘመሞችና ናዚዎች በሶሻል ዴሞክራቶች ይመራ የነበረውን የፕሩሲያ ክፍለ ግዛት መንግሥት ለመጣል ያነሡትን ሕዝበ ውሳኔ፣ የፓርቲው አመራር መጀመሪያ ተቃውሞ ሳለ በሞስኮ ትእዛዝ ተቀላቅሎ «ቀይ ሕዝበ ውሳኔ» ሲል ሰየመው፤ ሙከራው ግን የሚያስፈልገውን ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። በኖቬምበር 1932 ደግሞ የበርሊን ትራንስፖርት ድርጅት ሠራተኞች በሰዓት 2 ፌኒግ የደመወዝ ቅነሳን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ኮሙኒስቱና የናዚው የሠራተኛ ድርጅት በአንድ የአድማ ኮሚቴ ውስጥ ተገኝተዋል።

እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ግን የጋራ ጠላት ያገናኛቸው እንጂ ኅብረት አልነበሩም፤ በየከተማው የሠራተኛ ሰፈር ሁለቱ ወገኖች ማታ ማታ ይገዳደሉ ነበርና። በጁላይ 17 ቀን 1932 ናዚዎች ሃምቡርግ አጠገብ በነበረችው አልቶና በሠራተኞች መንደር መካከል ሰልፍ ሲያደርጉ ተኩስ ተከፍቶ 18 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ የሚበዙትም በፖሊስ ጥይት የወደቁ ነበሩ። ቻንስለር ፍራንዝ ፎን ፓፐን ይህን ደም ምክንያት አድርጎ ከሦስት ቀን በኋላ የፕሩሲያን መንግሥት ሻረ። በሕዝበ ውሳኔ ያልወደቀው መንግሥት በአንድ አዋጅ ወደቀ ማለት ነው።

ተረት 5፦ ሁለቱ የሠራተኛ ፓርቲዎች ቢተባበሩ ሂትለር አይነሣም ነበር፤ ጥፋቱም የኮሙኒስቶቹ ብቻ ነው

እውነታ፦ ከእምነቶቹ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበውም፣ አብዝቶ የሚያሳስተውም ይህ ነው። ከ1929 ጀምሮ ኮሚንተርን «ሶሻል ፋሺዝም» የሚል አስተምህሮ አጽድቆ ነበር፤ ትርጓሜውም ሶሻል ዴሞክራሲ የፋሺዝም መንትያ ስለሆነ በቅድሚያ መመታት ያለበት እርሱ ነው የሚል ነው። ይህ አመለካከት ናዚዎች ሲያብጡ ፓርቲውን ዓይነ ስውር ማድረጉ አያጠያይቅም። ሆኖም ተራው አባል አስተምህሮውን የተቀበለው ሞስኮ ስላዘዘች ብቻ ሳይሆን በዓይኑ ያየው ስለነበረ ነው፤ በ1919 ፍራይኮርፕስን ያሰማራው ሚኒስትር ጉስታቭ ኖስከም፣ በሜይ 1929 የተከለከለውን የሠራተኞች ቀን ሰልፍ በጥይት በትኖ ከ30 በላይ ሰዎችን የገደለው የበርሊን ፖሊስ አዛዥ ካርል ሶርጊበልም ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ። በሌላው በኩል ሶሻል ዴሞክራቶቹ ኮሙኒስቶችን ከናዚዎች ሳይለዩ የሪፐብሊኩ ጠላት አድርገው ስለሚያዩ፣ ጥርጣሬው የጋራ ነበር።

የፓርቲውን ውስጣዊ ቅራኔ በኦገስት 30 ቀን 1932 በራይኽስታግ ከታየው ይልቅ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም። በልማድ አዲሱን ምክር ቤት የሚከፍተው በዕድሜ አንጋፋው አባል በመሆኑ፣ በ1910 ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን እንዲከበር ሐሳብ ካቀረቡት አንዷ የነበረችው የ75 ዓመቷ ኮሙኒስት እንደራሴ ክላራ ሴትኪን ሕመም ተጭኗት፣ ዓይኗም ደክሞ፣ ተደግፋ ወደ መድረኩ ወጣች፤ ከፊቷም 230 የናዚ እንደራሴዎች ተቀምጠው ነበር። ሠራተኞች ልዩነታቸውን ትተው ፋሺዝምን ለመመከት ኅብረት ግንባር እንዲፈጥሩ ጠራች፤ ንግግሯን የቋጨችው ግን የሶቪየት ጀርመንን የመጀመሪያ ጉባኤም በአንጋፋነቷ ለመክፈት ያላትን ተስፋ በመግለጽ ነው። ሪፐብሊኩን ለማዳን የሚፈለገው ሶሻል ዴሞክራት ሪፐብሊኩ የሚፈርስበትን ቀን ተስፋ ከምታደርግ ተናጋሪ ጋር እንዴት ሊሰለፍ እንደሚችል ንግግሩ አልመለሰም። ምክር ቤቱ በዚያው ቀን ናዚውን ኸርማን ጎሪንግን አፈ ጉባኤ አድርጎ መረጠ።

ከኖቬምበር 1932 ምርጫ በኋላ ሶሻል ዴሞክራቶች 121፣ ኮሙኒስቶች 100፣ በድምሩ 221 መቀመጫ ሲይዙ ናዚዎች 196 ነበሯቸው። ስሌቱ አጓጊ ቢሆንም ከ584 መቀመጫ 221 አብላጫ አይደለም፤ ሂትለርንም በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር ያደረገው የምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን በፓፐን አግባቢነት የተወሰነው የፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ሹመት ነው። ኅብረቱ ሊከፍት ይችል የነበረው በር የምርጫ ሳይሆን የጠቅላላ አድማ በር ነበር፤ ኮሙኒስቶቹ በዚያው ቀን አድማ ቢጠሩም በተረት 3 የተገለጸው ድክመት ያን ዕለት ዋጋ አስከፈላቸው።

ተረት 6፦ ራይኽስታግን ያቃጠሉት ለአመፅ ምልክት እንዲሆን ኮሙኒስቶቹ ናቸው፤ መሪዎቻቸውም ሁሉ በሂትለር እጅ አለቁ

እውነታ፦ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1933 ምሽት ሕንፃው ውስጥ የተያዘው ሆላንዳዊው ማሪነስ ፋን ደር ሉበ ነው። ከእርሱ ጋር ላይፕሲሽ ላይ የተከሰሱት የኮሙኒስት እንደራሴዎች መሪ ኤርንስት ቶርግለርና ጌዮርጊ ዲሚትሮቭን ጨምሮ ሦስት ቡልጋሪያውያን ግን ራሱ የናዚ ዘመን ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1933 በነጻ አሰናብቷቸዋል። የአመፅ ዕቅድ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃም አልቀረበም። ይሁንና በእሳቱ ማግስት የወጣው አዋጅ መሠረታዊ መብቶችን ስላገደ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ተለቅመው ታሰሩ፤ ታልማንም ማርች 3 ቀን ተይዞ ከአሥራ አንድ ዓመት እስር በኋላ በኦገስት 1944 በቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተገደለ። ከእሳቱ ስድስት ቀን በኋላ በተደረገው ምርጫ 4.8 ሚሊዮን ሰው አሁንም ለፓርቲው ድምፅ ቢሰጥም፣ የተመረጡት 81 እንደራሴዎች መቀመጫቸውን አላዩትም።

የተረቱ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተሰደዱት መሪዎች ሃይንስ ኖይማንና ኸርማን ሬመለ በስታሊን ዘመን በተካሄደው ታላቅ ማጽዳት ተገደሉ፤ የኖይማን የሕይወት አጋር ማርጋሬተ ቡበር ኖይማንም ከሶቪየት የእስረኞች ካምፕ ወጥታ በ1940 ለናዚ ጀርመን ተላልፋ ተሰጠች። በ1937 ሞስኮ ላይ ታስሮ በ1941 በጥይት የተገደለው ደግሞ ሁጎ ኤበርላይን ነው፤ በማርች 1919 በዚያችው ከተማ፣ ፓርቲው ገና የራሱ ድምፅ በነበረው ጊዜ፣ ኮሚንተርንን ለማቋቋም እጁን ያላነሣው ልዑክ።