ሞገዱን ማን ያካፍለዋል?

በምዝገባ ሰሞን፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከመኝታ ቤታችን ያለው ተማሪ ሁሉ ስልኩን ባንድ ጊዜ ይከፍታል። የሞገዱ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ቅጹ አልከፈት ሲል እንማረራለን። ምልክቱ ግን የሚነግረን የማማው ድምፅ ምን ያህል ጐልቶ እንደሚደርሰን ብቻ ነው፤ ስንት ሰው ወረፋ እንደ ያዘ አይነግረንም። የዛሬው ነገራችን ስለዚሁ ወረፋ ነው።

በሁለተኛው ትውልድ አንድ የሬዲዮ መስመር 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ሲኖረው፣ በጊዜ ለ8 ተራ ይከፈላል። ስልክ የደወለ ሰው አንዱን ተራ ይይዛል፤ ዝም ቢልም እንኳ ጥሪው እስኪያልቅ ተራው የእርሱ ነው። ለንግግር ይህ መልካም ነው። ለሚያነብ ሰው ግን ብክነት ነው፤ በልቶ የጨረሰ ተማሪ የካፌቴሪያውን ወንበር ሳይለቅ ማጥናት እንደ ጀመረ ማለት ነው።

ስለዚህ በ2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ መቅረብ የጀመረው ጂ ፒ አር ኤስ መልእክቱን በትንንሽ እሽግ ቈራርጦ፣ ተራውን 20 ሚሊሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ማበደር ጀመረ። ማማው በሚልከው እሽግ ራስ ላይ ባለ 3 ቢት ምልክት ያኖራል፤ ስልኮቹ ሁሉ ያደምጣሉ፤ የራሱን ምልክት ያየው ብቻ ቀጥሎ ይልካል። የንግግር ጥሪ ሲበዛ ግን ለእሽግ የተሰጠው ተራ ብዙ ጊዜ ይነጠቃል።

በአራተኛው ትውልድ፣ በኤል ቲ ኢ፣ ማማው 180 ኪሎኸርዝ ስፋት ያላቸውን የሞገድ ቍራሾች በየ1 ሚሊሰከንዱ ያድላል። ስልኩም ሞገዱ እንዴት እንደሚሰማው ከ0 እስከ 15 ባለ ቍጥር ያስታውቃል።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መስኮት አጠገብ ያለው ጓደኛችን ብቻውን ቢሆን በሰከንድ 20 ሜጋቢት፣ ምድር ቤት ከወፍራም ግንብ ጀርባ ያለው ደግሞ 2 ሜጋቢት መቀበል ይችላል እንበል። ማማው ብዙ ለማሳለፍ ብቻ ቢያስብ ሁሉን ለመስኮቱ ይሰጣል፤ ሌላው ሳይመዘገብ ያድራል። መጠኑን እኩል ላድርግ ቢል ደግሞ ከ11 ተራ 10ሩን ለምድር ቤቱ መስጠት አለበት፤ ያን ጊዜ ሁለቱም 1.8 ያህል ብቻ ያገኛሉ። እንዲህ ያለው እኩልነት የሚጠቅመው የምድር ቤቱን ብቻ ነው!

መሐንዲሶች አዘውትረው የሚከተሉት መንገድ ማማው ሁሉንም ከራሱ ጋር እንዲያነጻጽር ነው፤ አሁን ሊቀበል የሚችለው እስከ ዛሬ በአማካይ ካገኘው ስንት እጅ ነው? ብልጫ ያለው ይቀድማል። በምሳሌያችን ጊዜው እኩል ይካፈልና አንዱ 10፣ ሌላው 1 ይደርሰዋል። ለእኛ ይህ ደኅና ፍርድ ይመስለናል፤ የምድር ቤቱ ጓደኛችን ግን ላይስማማ ይችላል። እርሱም ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ቢጠጋ በየተራው ብዙ ስለሚወስድ ቅጹን ቶሎ ሞልቶ ወረፋውን ለቀረነው ይለቅልናል።