የዘራ ሁሉ አያጭድም፦ በመልሶ ግንባታ ላይ ያለ ቡድን ተጫዋች ምን ይሰማዋል?



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አፈሩ ሲኮመጥጥ ኖራ ይጨመርበታል። የኖራው ጥቅም በአንድ መኸር አያልቅም፤ ለተከታታይ ዓመታት ይዘልቃል። ስለዚህ መሬቱን ለአንድ ዓመት ብቻ በእኩል የያዘ አራሽ ኖራ ባይገዛ ሰነፍ አይባልም። በመልሶ ግንባታ ላይ ባለ ቡድን የሚሰለፍ ባለሙያ ስፖርተኛም፣ በእኔ እይታ፣ ይህንኑ አራሽ ይመስላል።

ግልጹ ምሳሌ የአሜሪካ ቤዝቦል ነው። ሂውስተን አስትሮስ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ162 ጨዋታዎች ከመቶ በላይ ተሸነፈ፤ በ2013 ብቻ 111 ጊዜ። በዚያ ሊግ መጨረሻ የወጣ ቡድን አይወርድም፤ እንዲያውም በዚያን ጊዜ አዳዲስ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኝ ነበር። ሽንፈቱ ለክለቡ መዋዕለ ንዋይ ነበር። በ2017 ዋንጫውን አነሳ። በ2011 ገና በ21 ዓመቱ የጀመረው ሆዜ አልቱቬ ያን ሁሉ ሽንፈት ችሎ ለድሉ በቃ። አብረውት ከተሸነፉት አብዛኞቹ ግን በዚያን ቀን በቡድኑ አልነበሩም። ለሃያ አንድ ዓመት ወጣት የመሰለፍ ዕድል የሆነው ዘመን፣ ለሠላሳ ሦስት ዓመቱ ተጫዋች የመጨረሻ ጉልበቱ የሚባክንበት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ይከፋል፤ የተሸነፈ ይወርዳልና። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ባደገበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ዋንጫ ወሰደ። ክለቦቻችን ከዚህ የተማሩት መገንባትን ሳይሆን መግዛትን ይመስለኛል። በየክረምቱ ቡድን ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ያለው ተጫዋች ደግሞ «ታገሥ፣ እየገነባን ነው» ይባላል። ለማን? በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲባል ስለ ገንዘቡ ብዙ ተከራከርን፤ ስለ ውሉ ዕድሜ ግን እምብዛም። «ማልያውን አይወድም» የሚለውን ወቀሳ የማልቀበለውም ለዚህ ነው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች መጠይቅ ስታዘጋጁ ስለ ፍቅሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ውሉ መቼ እንደሚያበቃና ደመወዙ በወቅቱ ይደርሰው እንደሆነ ጠይቁት።

ንጽጽሬ የማይሸፍነው አንድ ጉዳይ አለ። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ እሱም፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲም፣ ስሑል ሽረም ከሊጉ ርቀው ቆይተው በ2017 ዓ.ም. ተመለሱ። ይህን መልሶ ግንባታ ያቀደ ሥራ አስኪያጅ የለም። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከዚያ ላይ አራት ዓመት ሲቆረጥ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ሃያ ሁለት ሞልቶት ይመለሳል፣ የሠላሳ ዓመቱ ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ተጫዋች የደረጃ ሰንጠረዡ ሁለተኛ ነገር ነው። ኖራው ለማን እንደሚጠቅም አያሰላም፤ ማሳው እንደገና መታረሱ ራሱ ለእሱ ምርት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።