የቲሟ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት፦ ወደ ነርስነት የሚወስደው መንገድ





በአሶሳና በአካባቢዋ የቲሞችን የሚያሳድጉ እናቶችና አያቶች ደጋግመው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ልጄ ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ባሕር ማዶ ሆነው የቲም የሚረዱ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን «ሲኤንኤ» በሚባለው የነርስ ረዳትነት ሙያ ይተዳደራሉ። በእ.ኤ.አ. 1987 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠናና ፈተና በመሆኑ፣ በጥቂት ሳምንታት ሠልጥኖ ሥራ የያዘ ሰው «የእኔዋ የቲም ለምን ይህን ያህል ዓመት ይፈጅባታል?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱ ሥራው በእኛ አገር በማን ትከሻ ላይ እንዳለ ከማወቅ ይጀምራል። የአሜሪካው ረዳት በሽተኛውን ያጥባል፣ ያበላል፣ ጀርባው እንዳይቆስል ያገላብጠዋል፣ የሰውነቱን ሙቀት ይለካል። በሆስፒታሎቻችን የዚህን አብዛኛውን ክፍል የሚሠራው ከቤት የመጣው አስታማሚ ነው፤ እናት ወይም እህት ፍራሽ አጠገብ አንጥፋ ታድራለች። (ዘመድ የሌለው በሽተኛ ምን እንደሚሆን የቲም ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።) በቀደመው ዘመን በየክሊኒኩ የነበሩት ጤና ረዳቶችና ድሬሰሮች ወደዚህ ሙያ ይቀርቡ ነበር፤ ሆኖም ያ ሥልጠና ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ ለአንዲት የክልላችን ልጅ በዋናነት የተከፈቱት በሮች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኝነት ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ይመደቡ ነበር። ሥራቸው መጀመሪያ በ16 ፓኬጆች ተከፍሎ የነበረ ሲሆን ከመጸዳጃ ቤት አያያዝ እስከ ክትባት፣ ወባን እስከ መከላከልና እናቶችን እስከ መከታተል ይደርሳል። ከጊዜ በኋላ ሥልጠናው ወደ ደረጃ 4 እንዲያድግ ተደርጓል። ሠራተኛዋ የአካባቢው ተወላጅና ቋንቋውን አዋቂ እንድትሆን መፈለጉ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ብቻ የምትናገር እናት ሕመሟን በአስተርጓሚ ከመናገር ትድናለችና።

ሁለተኛው በር ነርስነት ራሱ ነው። በኮሌጅ በደረጃ 4፣ በዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል። የኮሌጁ ቀድሞ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመቅረቱ ግን መግቢያው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሆኗል፤ የመግቢያው ነጥብም በየጊዜው ስለሚገለጽ ያምናውን ይዞ መጠበቅ አይገባም። በክልላችን የፓዊ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ያስተምራል። ፓዊ የራሳችን ክልል ብትሆንም ከአሶሳ ሲነሱ ከዐባይ ወዲያ በመተከል ዞን የምትገኝ ናት። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ሲያልፍ፣ ሴት ልጅን ወደዚያ መላክ ለአንዲት አያት ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። መንገዱን፣ ማደሪያውንና እዚያ ያለ ዘመድን አስቀድሞ ማጣራት የቤተሰብ ድርሻ ነው።

ተመርቆ መውጣት ብቻውን አይበቃም። የኮሌጅ ሠልጣኝ የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን፣ በጽሑፍም በተግባርም ማለፍ ይኖርባታል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ ይወጣል። በግል ኮሌጅ ለመመዝገብ የሚያስቡ ቤተሰቦች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ኮሌጁ በነርስነት ዘርፍ፣ በዚያው ከተማ ለሚያስተምርበት ቅርንጫፍ ዕውቅና ያለው መሆኑን ይጠይቁ። በሌላ ዘርፍ የተሰጠ ዕውቅና ለዚህ አይሠራም።

«ሴት ልጅ ወንድ በሽተኛ ልትነካ ነው?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ጥያቄያቸው ከሐያእ የመነጨ ስለሆነ አንንቀውም። ነገር ግን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ድንኳኗ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ተተክሎ ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ በቀስት የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም (ረ.ዐ) ወደዚያ እንዲወሰዱ ያዘዙት ነቢዩ ናቸው። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ወጥታ በሽተኞችን አስታማለች። ደግሞስ ምጥ የያዛት እህታችን በሴት እጅ እንድትታይ የምንሻ ከሆነ ያቺ ሴት ከየት ትምጣ? በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገቡት ስደተኞች ብዙዎች ናቸው፤ በመድረሳ ዐረብኛ የተማረች የቲም ከነርስነቷ ጋር ይህን ቋንቋ ስትጨምር ዋጋዋ ምን ያህል እንደሚያድግ ገምቱ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በፊቅህ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ብዙ ማኅበራት ወሰኑን 18 ዓመት ያደርጉታል። ወርኃዊው ድጋፍ የሚቆመው እንግዲህ ልጅቷ ኮሌጅ በምትገባበት ወቅት፣ ወጪዋ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ሳገለግል፣ ሥልጠናዋን ያጋመሰች ልጅ ዕድሜዋ ስለሞላ ስሟን ከመዝገብ ሰርዘናል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ደንቡን ጠብቀናል ብለን ነበር። በዓመቱ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ስታፈላ አገኘኋት፤ ሰላምታ ሰጥታኝ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መልሼ አየሁት። ሱረቱ ኒሳእ በ6ኛው አንቀጽ የቲሞችን ንብረት ስለማስረከብ ሲናገር ዕድሜን ብቻ አልጠየቀም፤ ተፈትነው ራሳቸውን የመምራት ብቃት፣ ሩሽድ፣ እንዲታይባቸው ጭምር እንጂ። ዘካም ቢሆን የሚሰጠው በየቲምነት ሳይሆን በፈቂርነትና በሚስኪንነት ነው። ሀብት የወረሰ ሕፃን የቲም በዚህ በር አይገባም፤ ያደገች ድሃ ግን ትገባለች። ስለዚህ የቲምነቷ ማብቃት የእርዳታውን ስም ይለውጥ ይሆናል እንጂ መብቷን አያስቀርም። ለጋሾች ልጅቷን ስትረከቡ እስከ ምዘናው ድረስ ያሉትን ዓመታት አስባችሁ ብትጀምሩ፣ መካከል ላይ ከሚቋረጥ ትልቅ ገንዘብ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ጥቂት ይበልጣል።

ወጪውም የሚከተለው ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ማደሪያና ምግብ በወጪ መጋራት ታገኛለች፤ የኮሌጅ ሠልጣኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራዩንና ምግቡን ራሷ ትችላለች። በተጨማሪም ነጭ ጋውን፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ደብተርና መጻሕፍት፣ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የምትመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ፣ በመጨረሻም የምዘናው ክፍያ አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አይረሳ፤ ነርስ በመርፌና በደም መካከል ስለምትውል በበሽታው የመያዝ አደጋ አለባት። ክትባቱ ሦስት ጊዜ የሚሰጥና በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር የሚፈጅ ስለሆነ ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውጣቷ በፊት አስቀድማ ትጀምረው።