የምርጫው ሹም ራሱ ተወዳዳሪ ሲሆን

እስቲ ተዑዳት ዘሁታችሁን አውጡና ስማችሁን ተመልከቱ። በሥራዬ ከማገኛቸው ቤተሰቦች መካከል የአባትና የልጅ የቤተሰብ ስም በተለያየ ፊደል የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም። «አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች?» ትሉኝ ይሆናል። ከጆርጂያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጎረቤቶቻችን ግሩዚኒም የመጡባት ሳትሆን፣ የአሜሪካዋ ግዛት ናት።

ብራያን ኬምፕ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ናቸው። ከ2010 ጀምሮ የግዛቲቱ ጸሐፊ ነበሩ። ስሙን ሰምታችሁ የጽሕፈት ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ የመራጮች መዝገብ የሚጠበቀው በዚህ ሹም እጅ ነው። በ2018 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩም ወንበራቸውን አልለቀቁም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ እሳቸውም የጆርጂያ ሰው ነበሩና፣ ሹመቱን እንዲተዉ በደብዳቤ ቢጠይቋቸው እንኳ እሺ አላሉም።

ዘመቻቸው ኃይለኛ ነበር። በአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያለ ፈቃድ የገቡ ወንጀለኞችን በራሳቸው የጭነት መኪና ሰብስበው እንደሚመልሱ ተናገሩ። ፕሬዚዳንት ትራምፕም ደገፏቸው። ከዴሞክራቶች ወገን የቀረቡት ስቴሲ አብራምስ ነበሩ፤ ቢያሸንፉ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አገረ ገዥ ይሆኑ ነበር።

ወደ ፊደሉ ጉዳይ ልመለስ። በ2017 የወጣ ሕግ በመራጭነት ማመልከቻ ላይ ያለው ስም ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር በትክክል እንዲገጥም ያዝዝ ነበር። አንዲት ሰረዝ ብትጎድል፣ አንድ ፊደል ቢለወጥ ማመልከቻው ይታገዳል። ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው 53,000 ያህል ማመልከቻ ታግዶ ተገኘ። ከመቶ 70 ያህሉ የጥቁሮች ነበር፤ በግዛቲቱ ግን ጥቁሮች ሲሶ ያህል ናቸው።

ኬምፕ «መታወቂያ ያሳየ ሁሉ ይመርጣል» ሲሉ መለሱ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «ማመልከቻህ አልተሟላም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ስንቱ እንደሚፈራና ቤቱ እንደሚቀር እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ኬምፕ 50.2 ከመቶ አግኝተው በ54,723 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። ጸሐፊነቱን የለቀቁት ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ ነው። ፊደሉ ውጤቱን ለወጠው ለማለት አልደፍርም። በ2019 ሕጉ ተሻሻለ፤ ስሙ ያልገጠመ ሰው እንዲመዘገብና በምርጫ ጣቢያ መታወቂያ እንዲያሳይ ተፈቀደ። በ2022 አንድ የፌዴራል ዳኛ አብራምስ የመሠረቱት ድርጅት ያቀረበውን ክስ አልተቀበሉም። በዚያው ዓመት ሁለቱ ዳግመኛ ሲገናኙ ኬምፕ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ።

በእኛ አገር 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ለመምረጥ ማመልከቻ አያስፈልገውም፤ ስሙ ከሕዝብ መዝገብ ይወሰዳል። የምትመርጡበት ቦታ ግን የሚወሰነው በተመዘገበው አድራሻችሁ ነው። ከመርካዝ ቅሊታ ወጥታችሁ አድራሻ ያልለወጣችሁ፣ የምርጫው ወሬ ሳይጀመር ሚስራድ ሀፕኒም ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ስማችሁም ተሳስቶ እንደሆነ በዚያው አመልክቱ።