«ዳኛ በላን!» ሁለት ደጋፊዎች ለምን አንድ ጨዋታ አያዩም?

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድኖች ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የሚያበቃውን የመጨረሻ የማጣሪያ ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ በአዲስ አበባ ስታዲየም አደረጉ። በጨዋታው ውስጥ ሳላዲን ሰይድ ወደ ግብ የላካት ኳስ ከናይጄሪያ የግብ አፍ ላይ ተመልሳ ወጣች። መስመሩን አልፋ ነበር ወይስ አላለፈችም? ዳኛው ጎል ሳይል ጨዋታው ቀጠለ። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ዋልያዎቹን መሪ ቢያደርግም፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ግቦችን፣ ሁለተኛይቱንም በጨዋታው ማብቂያ ላይ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በየሻይ ቤቱ የተደመጠው አቤቱታ አንድ ነበር፤ «ዳኛ በላን!»። ክርክሩ ዛሬም አላረጀም፤ ያችን ኳስ የሚያነሣ ሰው በተገኘ ቁጥር ይታደሳል።

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላል ያገራችን ሰው። ምስክርነት የሚታመነው በቦታው ለተገኘ ነው ማለቱ ነው። በእግር ኳስ ግን ችግሩ የሚጀምረው የነበሩት ሁሉ ሲናገሩ ነው። ካታንጋ የተቀመጠውም፣ ሚስማር ተራ የቆመውም፣ ጥላ ፎቅ ያለውም «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ይላል፤ የተቃራኒው ቡድን ደጋፊም እንደዚሁ በዓይኑ በብረቱ ያየው ሌላ ነገር አለው። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ «ዳኛው ተሳስቷል» ከሚለው ወደ «ዳኛው አጭበርብሯል» ወደሚለው የምንሻገርበት ድልድይ ምን ያህል ሸክም ይችላል?

ጥያቄውን ወደ ቤተ ሙከራ ካስገቡት ቀደምት ምሁራን መካከል አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1951 የፕሪንስተንና የዳርትማውዝ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ተጋጠሙ። ጨዋታው ብርቱ ግጭት የበዛበት ነበር፤ የፕሪንስተን ኮከብ ተጫዋች ዲክ ካዝማየር አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ የዳርትማውዝ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጋዜጦች ለሳምንታት ተካሰሱ። ሁለቱ ምሁራን የጨዋታውን ፊልም ወስደው ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳዩና ያዩትን የሕግ ጥሰት ሁሉ እንዲመዘግቡ ጠየቁ። የዳርትማውዝ ተማሪዎች በገዛ ቡድናቸው ላይ በአማካይ 4.3 ጥፋት ቆጠሩ፤ የፕሪንስተን ተማሪዎች ግን በዚያው ፊልም፣ በዚያው ቡድን ላይ 9.8 ጥፋት አዩ። በፕሪንስተን ተጫዋቾች ላይ ሲሆን ሁለቱም ወገኖች ከሞላ ጎደል ተስማሙ፤ 4.4ና 4.2 ቆጠሩ።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ለእኔ የሚደንቀኝ በጥናቱ ውስጥ የተጠቀሰ አንድ ትንሽ ታሪክ ነው። የፊልሙ ቅጂ ርቀው ለሚኖሩ የዳርትማውዝ የቀድሞ ተማሪዎች ተልኮላቸው ነበር። ፊልሙን አስቀድሞ የተመለከተው ሰው የተባለውን ያህል ጥፋት ስላጣበት፣ ዋናው ክፍል ተቆርጦ የቀረ መስሎት የጎደለው በአውሮፕላን ፖስታ እንዲላክለት ቴሌግራም መታ። ከፊልሙ የተቆረጠ ነገር አልነበረም። ሰውየው አልዋሸም፤ አላየም። ምሁራኑ የደረሱበት መደምደሚያም ይኸው ነበር፤ ተመልካቾቹ አንድ ጨዋታ አይተው በአስተያየት የተለያዩ ሳይሆኑ፣ ከመጀመሪያውም ያዩት ጨዋታ የተለያየ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ከፊሉ ያለው በዓይናችን አሠራር ላይ ነው። ዓይን የሚያየውን ሁሉ እኩል አጥርቶ አያይም። ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠን በሬቲና መካከል ያለችው ፎቪያ የምትባለው ትንሽ ስፍራ ስትሆን፣ የምትሸፍነውም ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ የዕይታ ማዕዘን ብቻ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብንመለከት የጣቱን ስፋት ያህላል ማለት ነው። ከሜዳው 40 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ተመልካች ይህ ማዕዘን 1.4 ሜትር ገደማ ስፋት ይሆናል። ሁለት ተጫዋቾች ለአንዲት ኳስ ሲሻሙ አንዱን አጥርቶ የሚያይ ዓይን ሌላውን በብዥታ ያየዋል። ዓይን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል እየዘለለ የጎደለውን ለመሙላት ይሞክራል፤ የት እንደሚዘል የሚወስነው ግን በአብዛኛው ትኩረት ነው። ትኩረት ደግሞ የሚጠብቀውን ይፈልጋል። የተቃራኒው ተከላካይ ክርን ይሰነዝራል ብሎ የሚጠብቅ ደጋፊ ዓይኑ ክርኑ ላይ ያርፋል፤ የራሱ አጥቂ ቀድሞ የጎተተው ማሊያ ግን ከብዥታው ውስጥ ይቀራል።

የቀረውን ድርሻ ጂኦሜትሪ ይወስዳል። ወደ ሳላዲን ኳስ እንመለስና፣ አንድ አራጋቢ በመስመር ዳኝነቱ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር ትይዩ ሆኖ ከጎል መስመሩ 10 ሜትር ወደኋላ ቆሟል እንበል። ይህ ምሳሌ ነው፤ በዚያን ቀን አራጋቢው በትክክል የት እንደነበረ ለመናገር አይደለም። የሜዳው ስፋት 68 ሜትር ቢሆን የግቡ መካከል ከአራጋቢው በ34 ሜትር፣ ቅርቡ ቋሚ ደግሞ በ30.34 ሜትር የጎን ርቀት ላይ ይገኛል። ከአራጋቢው ዓይን ተነሥቶ በቅርቡ ቋሚ በኩል የሚያልፍ ቀጥታ መስመር ብናሠምር፣ ይህ መስመር የግቡ መካከል ሲደርስ ከጎል መስመሩ 1.2 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ኳሷ በአየር ላይ ከሆነችና ከሣሩ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ለማመሳከሪያ ካልጠቀመ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ የገባች ኳስ ለአራጋቢው ከቋሚው ጋር እኩል የቆመች ትመስለዋለች። የኳስ ስፋት ራሱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉ ጎል የሚለው ደግሞ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ስታልፍ ብቻ ነው። ከጎል ጀርባ የተቀመጠ ደጋፊም፣ ከመሃል ሜዳ ትይዩ የተቀመጠውም የየራሳቸው የተዛባ ማዕዘን አላቸው። በስታዲየሙ ውስጥ ፍርድ የመስጠት መብት ያለው ወንበር ቢኖር ልክ በጎል መስመሩ አቅጣጫ ያለው ብቻ ነው፤ እዚያ የተቀመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚጮኸው ግን ሁሉም ነው።

ከጨዋታ ውጭ በሚለው ውሳኔ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። አእምሯችን የሚንቀሳቀስን ነገር በድንገት ከሚከሰት ነገር ጋር ሲያነጻጽር፣ የሚንቀሳቀሰውን ካለበት ቦታ ወደፊት ገፋ አድርጎ ያየዋል። ኳስ ከእግር የምትለቅበት ቅጽበት ድንገተኛው ክስተት ሲሆን፣ የሚሮጠው አጥቂ ተንቀሳቃሹ ነው። በመሆኑም በሕጋዊ ቦታ የነበረ አጥቂ ቀድሞ የወጣ ሊመስል ይችላል። በቤቱ ቴሌቪዥኑን አቁሞ «ይኸው እዩት!» የሚለውም ሰው ከዚህ አላመለጠም። በሴኮንድ 25 ምስል የሚያሳይ ቪዲዮ በሁለት ምስሎች መካከል 40 ሚሊ ሴኮንድ ይዘላል። አጥቂው በሴኮንድ 8 ሜትር ወደፊት፣ ተከላካዩ በሴኮንድ 4 ሜትር ወደ መሃል ሜዳ ቢሮጡ፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት 48 ሴንቲ ሜትር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ በኳሷ ውስጥ በሴኮንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ የተገጠመው ኳስ የተመታችበትን ቅጽበት በትክክል ለመያዝ ነው።

እዚህ ላይ «ዳኛውስ ለምን ሁልጊዜ ለባለሜዳው ይሳሳታል?» የሚል ደጋፊ አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አለን ኔቪልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለ40 ዳኞች 47 የኳስ ንጥቂያዎችን በቪዲዮ አሳዩ። ከፊሎቹ የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ፣ ከፊሎቹ በጸጥታ ተመለከቱ። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ላይ የወሰኑት ጥፋት ካልሰሙት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ጨዋታዎች በባዶ ስታዲየም ሲካሄዱም፣ በእንግዳው ቡድን ላይ ይበዛ የነበረው የቢጫ ካርድ ብልጫ እንደቀነሰ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። አድልዎ አለ ማለት ነው። ዳኛው ግን ጉቦ አልበላም፤ የተጽዕኖው ምንጭ እኛው ነን፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንጮኸው። ደጋፊ ቡድኑን በጩኸት ይረዳል ሲባል ከሚረዳባቸው መንገዶች አንዱ በዳኛው ጆሮ በኩል መሆኑን ሳስብ፣ በእንግዳ ሜዳ ስንሸነፍ የምናሰማው ሮሮ ትንሽ ያስቀኛል።

ከባዱ ጉዳይ የሐሳብ ጉዳይ ነው። ማጭበርበር ማለት አስቦ ማሳሳት ነውና፣ ከሳሹ ማረጋገጥ ያለበት በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ነው። ለዚህ የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ፖል ሞሪስና ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ጥናት ሆን ብለው የሚወድቁ ተጫዋቾችን አካል መርምረው፣ ደረትን ወደፊት ገፍቶ፣ ጭንቅላትን ወደኋላ ጥሎ፣ ሁለት እጆችን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ጉልበትን አጥፎ እንደተወጠረ ቀስት ሆኖ መውደቅን እንደ ዋና መለያ ጠቅሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእውነት ሚዛኑን የሳተ ሰው እጁ ያለፈቃዱ መሬቱን ሊመክት ወደ ታች ይዘረጋል እንጂ ወደ ሰማይ አይሰቀልም። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን አዝግሞ ደጋግሞ ማየት ራሱ ወጥመድ አለው። ዩጂን ካሩሶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ አንድን ድርጊት በዝግታ የሚያይ ሰው ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ብሎ የመፍረድ ዝንባሌው ይጨምራል፤ ፈጻሚው ለማሰብ ጊዜ የነበረው ይመስላልና። በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ያለቀ ግጭት በአራት ሴኮንድ ሲታይ የታቀደ በደል ይሆናል።

ታዲያ እውነተኛ ማጭበርበር የለም? አለ እንጂ! የተጋለጠበትን መንገድ ግን ልብ እንበል። ጀርመናዊው ዳኛ ሮበርት ሆይዘር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 በፓደርቦርንና በሃምቡርግ ጨዋታ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶችን ሰጥቶ ሃምቡርግ 4 ለ 2 ተሸንፏል። ጉዳዩ በ2005 መጀመሪያ ላይ የፈነዳው የሙያ ባልደረቦቹ የሆኑ ዳኞች ጥርጣሬያቸውን ለፌዴሬሽኑ በማሳወቃቸው ሲሆን፣ ከውርርድ አቋማሪዎች ገንዘብ መቀበሉን ራሱ አምኖ እስራት ተፈርዶበታል። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2006 ጁቬንቱስን ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ያወረደው ቅሌት የተገኘው ከተጠለፉ የስልክ ንግግሮች ነው። የውርርድ ገንዘብ፣ የስልክ ንግግር፣ የባልደረባ ጥቆማ፣ የተከሳሽ ቃል፤ ማስረጃዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሁለቱም አገሮች በየሳምንቱ «ዳኛው ሌባ ነው» የሚሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ነበሯቸው፤ ያ ጩኸት ግን ጥፋተኛውን ካልጠፋው ለመለየት አልጠቀመም፤ በሁሉም ላይ እኩል ይጮኽ ነበርና።

ለዚህ ከቤታችን የቀረበ ምሳሌ አለን፤ ከናይጄሪያው ጨዋታ በአራት ወር የሚቀድም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ውጤት ሲረቱ ሕዝቡ ምድቡን በመሪነት አጠናቀቅን ብሎ አደባባይ ወጣ። ወዲያው ግን ፊፋ በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ተጫዋች መሆኑን ይዞ ምርመራ ከፈተ፤ ጨዋታውም 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተወሰነ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። በዚያን ቀን በስታዲየሙ የነበረም ሆነ በቴሌቪዥን የተከታተለ ማንም ተመልካች፣ ዓይኑ የቱንም ያህል የተሳለ ቢሆን፣ ይህን ጥፋት ከሜዳው ላይ ሊያየው አይችልም ነበር። የነበረው በካርድ መዝገብ ላይ ነበር። «ተበላን» ለማለት የሞከሩ ቢኖሩም የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች ስሕተቱን አመኑ፤ ክርክሩም ማን አልቆጠረም ወደሚለው ዞረ። ዋልያዎቹ ነጥቡን አጥተው፣ ጳጉሜን 2 ቀን ኮንጎ ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው በድጋሚ ምድቡን መሩ፤ ወደ ጥቅምቱ ጨዋታ፣ ወደዚያች ኳስ የደረሱትም በዚህ መንገድ ነበር።