ነቀርሳን ተመካክሮ ስለ ማከም

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው በሽታ በአንድ ሐኪም ዕውቀት ብቻ የሚሸነፍ አይደለም። አንዱ ሐኪም ዕጢውን በቀዶ ጥገና ያወጣል፤ ሌላው በጨረር ያክማል፤ ሦስተኛው በመድኃኒት ይዋጋል። እነዚህ ሳይመካከሩ ቢሠሩ የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

ስለዚህም የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ ለዚህ በሽታ ብቻ ለተለዩ ሆስፒታሎች ሕጋዊ አቋም ሰጠ። ዛሬ ዩኒካንሰር በሚባል ማኅበር ተያይዘው ይሠራሉ። ሐኪሞቻቸው በደመወዝ ስለሚያገለግሉ ከበሽተኛው ተጨማሪ ዋጋ አይጠይቁም፤ የበሽተኛውም ጉዳይ ልዩ ልዩ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ይመረመራል።

ይሁን እንጂ በሽተኛው ራሱ ለብዙ ዘመን የሚሰማው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. የአገሩ ፀረ ነቀርሳ ማኅበር በጠራው ታላቅ ስብሰባ ላይ ሕሙማን በአደባባይ ተናገሩ፤ በሽታቸው በችኮላ እንደ ተነገራቸውም ገልጸው አማረሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ በሽታውን እንዲያስረዳ፥ ነርስም ከበሽተኛው ጋር እንድትነጋገር አደረገ። ዛሬ የሕሙማን እንደራሴዎች በሆስፒታሎቹ የአስተዳደር ጉባኤ ውስጥ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ በሰውነቱ ላይ ያልተለመደ እብጠት ወይም የደም መፍሰስ ያየ ሁሉ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ያልገባውንም ሳያፍር ይጠይቅ። የበሽተኛው ጥያቄ የሕክምናው አንድ ክፍል ነውና።