የካምፐር ሸራ፦ ጥላ እንጂ ጣሪያ አይደለም

ዳስ መጣል ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ለሠርጉም ለተዝካሩም ምሰሶ ይተከላል፣ ቅጠል ወይም ሸራ ይለብሳል፣ እንግዳም ከሥሩ አረፍ ይላል። በሀገረ አሜሪካ ግን ዳሱ ተጠቅልሎ፣ በመኪና ጎን እንደታሰረ ከስቴት ስቴት ይዞራል። ስሙም አውኒንግ ይባላል።

ፒክአፕ መኪና ያለው ቤተሰብ በመኪናው ጀርባ ላይ የሚጫነውን ትንሽ ቤት፣ ካምፐር የሚሉትን፣ ገዝቶም ሆነ ተከራይቶ ልጆቹን ወደ ፓርክ ለማውጣት ቢያስብ ሐሳቡ መልካም ነው። የሆቴል ወጪ ይቀንሳል፣ ስንቅም ከቤት ይያዛል። ይሁን እንጂ አልጋውንና ምድጃውን አይቶ የሚገዛ ሰው ቀኑን የት ተቀምጦ እንደሚውል ሳያስብበት ይቀራል።

ካምፐር ጠባብ ሣጥን ነው። ጸሐይ ግድግዳውንና መስኮቱን ስትመታው ሙቀቱ ውስጡ ይታፈናል። በጸሐይ በቆመ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 20 ዲግሪ ፋራናይት ያህል፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 40 ዲግሪ ያህል ሊጨምር እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግም እምብዛም አይረዳም። በመሆኑም «ተኝቷል፣ አይረበሽ» ተብሎ ሕፃን በመኪና ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ብቻውን መተው የለበትም። የካምፐሩ ኤር ኮንዲሽነር ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋል፤ በብዙ የጫካና የበረሃ ማደሪያዎች መስመሩ የለም። በአሪዞና በረሃ በኳርትዝሳይት አካባቢ በብርድ ወራት ብዙ ካምፐሮች ይሰባሰባሉ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የዛፍ ጥላ የሚገኘው በጥቂቱ ነው።

የአውኒንግ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። መጋረጃ ጸሐይን የሚያግደው መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው፤ ሸራው ግን ገና ከውጭ ሳለች ይመልሳታል። ግድግዳውም ይቀዘቅዛል፣ ቤተሰቡም ደጅ የሚውልበት ተጨማሪ ክፍል ያገኛል።

ዳሩ ግን ሸራ መዘርጋት ብቻውን አይበቃም፤ መኪናው ወዴት ዞሮ እንደቆመ መታየት አለበት። በሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ የእኩለ ቀን ጸሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በአሜሪካ፣ ከሐዋይ በስተቀር፣ የእኩለ ቀን ጸሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ በአገር ቤት የተለመደው ግምት እዚህ ያሳስታል። ሸራው በመኪናው ቀኝ ጎን ከሆነ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ሰሜን አዙሮ ማቆም ይበጃል። ያን ጊዜ ሸራው ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ ሙቀቱ በሚበረታበት ከሰዓት በኋላም የካምፐሩ ቁመት ራሱ ተጨማሪ ጥላ ይሆናል። ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ ግን ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከሸራው ሥር ትገባለች። ካምፐር ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ ይህ ችግር ይብስበታል። መፍትሔው በሸራው ጫፍ ላይ ሌላ ጨርቅ ቁልቁል ማንጠልጠል ነው።

የአውኒንግ ቀንደኛ ጠላት ነፋስ ነው። ድንገት የተነሣ ነፋስ ሸራውን እንደ ጀልባ ሸራ ነፍቶ ብረቱን ያጣምማል፣ ከግድግዳው ይገነጥላል፣ አልፎ ተርፎም ሰው ይጎዳል። በነፋስ የደረሰ ጉዳትን ደግሞ አብዛኛው የአምራች ዋስትና አይሸፍንም። ዝናብም ቀላል አይደለም። 8 ጫማ በ10 ጫማ በሆነ ሸራ ላይ የ1 ኢንች ዝናብ ሳይፈስ ቢጠራቀም ክብደቱ ከ400 ፓውንድ ይበልጣል፤ ከ180 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ካፊያ ከሆነ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ፣ ከበረታ መጠቅለል ነው። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ሸራ ስለሚሻግት በማግሥቱ ዘርግቶ ማድረቅ ያሻል።

ከሁሉም የከፋው አደጋ ግን ከእሳት ነው። ከጥላው ሥር ሥጋ መጥበስ፣ ጀበና ጥዶ ቡና ማፍላት ደስ ይላል። ነገር ግን ሸራ በፍንጣሪ ይያያዛል፤ ምድጃው ከሸራው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በድርቅ ወራት ከሰል የሚከለክሉ ፓርኮች ስላሉ አስቀድሞ ይጠየቅ። ነፋስ ወይም ብርድ መጣ ተብሎ ደግሞ ፍሙን ይዞ ወደ ካምፐር መግባት ፈጽሞ አይገባም። የከሰል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጢሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀርም ይወጣል። በአገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ካምፐር ደግሞ ከዚያ ክፍል የጠበበ ነው። ጋዙን የሚጠቁም የማስጠንቀቂያ ደወል በካምፐሩ መኖሩና መሥራቱ ይረጋገጥ።

አውኒንግ ለማስገጠም ያሰበ ደግሞ በሾፌሩ በር ዘንድ የተለጠፈውን፣ መኪናው የሚችለውን የጭነት ልክ ያንብብ። ካምፐሩ፣ ውኃው፣ ተሳፋሪውና አውኒንጉ ተደምረው ከዚያ መብለጥ የለባቸውም።

በመጨረሻም ከቤተሰቡ አንድ ሰው የሸራው ኃላፊ ይሁን። ነፋስ ሲነሣ፣ ሰው ሲተኛ፣ ለእግር ጉዞ ሲወጣ፣ ሞተር ከመነሣቱም በፊት ሸራው መጠቅለሉን ያ ሰው ዞሮ በዓይኑ ይይ።